ለሚባክነው ሙቀት መላ ያበጀ መሐንዲስ፤ የሰር ዊልያም ሲመንስ የሕይወት ታሪክ

በጦር ሠፈር የመስክ ወጥ ቤት አጠገብ ቆሞ የተመለከተ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በጉልቻ ላይ ከተጣደው በርሜል ሥር ብዙ እንጨት ይማገዳል፤ ነበልባሉ ግን በበርሜሉ ግራና ቀኝ እየተሹለከለከ ወደ ሰማይ ይወጣል። በአንድ ወገን ያለው ወጥ ሲያር በሌላው ወገን ያለው ገና አልፈላም። እንጀራ ጋጋሪዋም ብትሆን ምጣዷ በአንድ በኩል ግሎ በሌላ በኩል ከበረደ ዓይን ያለው እንጀራ እንደማይወጣላት ጠንቅቃ ታውቃለች። እንጨት ስለጨመሩ ብቻ ነገሩ አይቃናም፤ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድና አየሩ በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንኑ ችግር በታላላቅ ፋብሪካዎች እቶን ውስጥ ሲታገለው የኖረው ሰው ዊልያም ሲመንስ ይባላል። የሲመንስን ስም አንባቢያን በኤሌክትሪክ መሣሪያዎችና በስልክ ማዞሪያዎች ላይ ተጽፎ አይተውት ይሆናል። ያንን ድርጅት የመሠረተው ታላቅ ወንድሙ ቬርነር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው ግን ከድንጋይ ከሰል ጋዝ እያወጣ እቶን ያነድ በነበረው በታናሽየው ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተገለጹት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ካርል ቪልሄልም ሲመንስ፣ በኋላ በእንግሊዝ አገር ዊልያም የተባለው፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1823 በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ሌንቴ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የሌላ ሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩት ሲሆን፣ ቪልሄልም ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በ1839 እናቱ ሞቱ፤ በተከታዩ ዓመት በ1840 አባቱም ተከተሉ። የወላጅ አልባዎቹ ሸክም በታላላቆቹ ላይ፣ በተለይም በቬርነር ትከሻ ላይ ወደቀ።

ቬርነር በዚያን ጊዜ የፕረሺያ ጦር የመድፈኛ መኮንን ነበር። ወደ ውትድርና የገባውም ለከፍተኛ ትምህርት የሚከፈል ገንዘብ በቤተሰቡ ስላልነበረና የመድፈኛና የመሐንዲስ ትምህርት ቤቱ በነፃ ስለሚያስተምር ነው። በማግደቡርግ ከተማ ጦር ሠፈር ተመድቦ ሳለ ታናሽ ወንድሙን ወደ ራሱ አምጥቶ በከተማው የሙያ ትምህርት ቤት አስገባው። እዚህ ላይ የቬርነርን አስተዋይነት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ልጁ በትምህርት ቤት የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ ትቶ እንግሊዝኛ እንዲማር አደረገና ሒሳቡን ራሱ፣ በየማለዳው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ የጦር ሠፈሩ ሥራ ሳይጀመር ያስተምረው ነበር። ያ እንግሊዝኛ የኋላ ኋላ የዊልያምን ሕይወት መራው። ከዚያም ወጣቱ በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ያህል ሳይንስ ተምሮ፣ በ1842 ማግደቡርግ በሚገኝ የእንፋሎት ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ሙያ ለመልመድ ገባ። በመደበኛ ትምህርት ያገኘው ይህንን ብቻ ነው።

በዚያው በ1842 ቬርነር በሁለት መኮንኖች መካከል በተደረገ የግል ፍልሚያ ላይ የአንደኛው ረዳት ሆኖ በመገኘቱ ተከሶ በማግደቡርግ ምሽግ ታሰረ። እስረኛው በክፍሉ ውስጥ መድኃኒትና ሽቦ እያስገባ ብረትን በኤሌክትሪክ ኃይል ወርቅ የሚቀባበትን ዘዴ ሲሞክር ሰነበተ፤ ሙከራውም ሠመረለት። ይህንን ዘዴ በእንግሊዝ አገር እንዲሸጥ የተላከው ዊልያም ነው። በ1843 ሎንዶን ሲገባ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እንግሊዝኛውም ገና አልጠናም። በመንገድ ሲሄድ በአንድ ሱቅ በር ላይ በእንግሊዝኛ ሥራን በኃላፊነት የሚቀበል የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጽፎ ያያል። የፈጠራ ሥራውን የሚያስፈጽምለት ሰው ያገኘ መስሎት ዘው ብሎ ይገባል። ለካስ ያ ቃል በአገሩ አነጋገር ሬሳ ገንዞ የሚያስቀብር ባለሙያ መጠሪያ ኖሯል! ጉዳዩን ሲያስረዳ ያለ ጊዜው የመጣ ደንበኛ መሆኑን ተረድቶ ወጣ። ይህንን ታሪክ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ታዋቂ ሰው ከሆነ ወዲህ፣ ራሱ በአደባባይ እየሳቀ ተርኮታል። ዘዴውን ግን በርሚንግሃም ለሚገኙት ለኤልኪንግተን ባለፋብሪካዎች በ1,600 ፓውንድ ሸጠው። ይህ ገንዘብ በዚያ ዘመን ለወንድማማቾቹ ትልቅ ሀብት ነበር።

በ1844 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በዚያው ቀረ። ቀጥለው የመጡት አሥራ ሁለት ዓመታት ግን አስቸጋሪ ነበሩ። ወጣቱ መሐንዲስ አንድ ሐሳብ ይዞታል፤ ይኸውም የእንፋሎት ሞተር ከሚሰጠው ሙቀት እጅግ የሚበዛው ሥራ ሳይሠራ ወደ ውጭ ይጣላል፤ ስለዚህ የሚጣለውን ሙቀት አጠራቅሞ መመለስ ይገባል የሚል ነው። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሮበርት ስተርሊንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ በ1816 የሞቀ አየር በሚሠራበት ሞተር ላይ ሙቀት የሚያስቀምጥ ክፍል አበጅቶ ነበር። ሲመንስ ከ1847 ጀምሮ ይህንኑ በእንፋሎት ላይ ሊያውለው ጣረ። በ1850 የሥነ ጥበባት ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ይሁን እንጂ ሜዳይ እንጀራ አይሆንም፤ ሞተሩ እየተበላሸና እየተቃጠለ በገበያ ላይ ሊውል አልቻለም፤ የወንድማማቾቹም ገንዘብ እየሟጠጠ ሄደ። በእነዚያ ዓመታት ከችግር ያዳነው በ1851 የሠራው የውሃ መለኪያ ቆጣሪ ነው። በየቤቱ ለሚገባ የቧንቧ ውሃ ይህ ቆጣሪ በብዛት ተፈላጊ ስለሆነ የሚያስገኘው ገቢ ለትልቁ ሐሳብ መሞከሪያ ሆነ።

መፍትሔውን ያመለከተው ከእርሱ በሦስት ዓመት የሚያንሰው ሌላው ወንድሙ ፍሪድሪክ ነው። ፍሪድሪክ ሙቀት አጠራቃሚው ክፍል ከሞተር ይልቅ ለእቶን እንደሚስማማ ተገንዝቦ በዲሴምበር 1856 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የዓለም ታሪክ ዊልያምን ብቻ ሲያነሣ ይሰማል፤ ይህ ግን ፍርድ ማጉደል ነው። መሠረቱን የጣለው ፍሪድሪክ ሲሆን ቤቱን ሠርቶ ጣራ ያለበሰው ዊልያም ነው ቢባል ለእውነት ይቀርባል።

የእቶኑ አሠራር እንዲህ ነው። ከእቶኑ ሥር እሳት በሚችል ጡብ የተሞሉ ክፍሎች ይሠራሉ። ጡቦቹ እንደ ወንፊት ክፍተት እየተተወላቸው በመስቀልኛ ይደረደራሉ። ከእቶኑ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በጭስ ማውጫው ከመሄዱ በፊት በእነዚህ ጡቦች መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ጡቦቹም ሙቀቱን ጠጥተው ይግላሉ፤ ጭሱ ቀዝቅዞ ይወጣል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ መዝጊያው ይገለበጥና ቀዝቃዛው አየር በጋሉት ጡቦች በኩል ወደ እቶኑ ይገባል፤ ጭሱ ደግሞ በሌላኛው ወገን ያሉትን ጡቦች ማጋል ይጀምራል። በዚህ ዓይነት አየሩ ከእሳቱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የጋለ ስለሆነ እሳቱ ከቀድሞው የበለጠ ይበረታል፤ የበረታው እሳት ጡቡን የበለጠ ያግለዋል፤ የበለጠ የጋለው ጡብ አየሩን እንደገና የበለጠ ያግለዋል። ይህ መወጣጫ ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ በእውነትም የሚገታው የጡቡ መቅለጥ ነው። በ1857 በሼፊልድ በተደረገው ሙከራ የተገኘው ሙቀት የጠላትነት ያህል ኃይለኛ ሆኖ ሠሪዎቹን እንዳስቸገራቸው ይነገራል።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት ነበር። የድንጋይ ከሰሉ በእቶኑ ራስጌ በብረት ርብራብ ላይ ይነድ ስለነበር አመዱና ጥቀርሻው ከጭሱ ጋር እየተሳበ በጡቦቹ መካከል ይከማቻል። መተላለፊያው ሲደፈን አየሩ ክፍት ወዳገኘው ወገን ብቻ ይሮጣል፤ አንዱ ጥግ ሲነድ ሌላው ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ለእሳቱ የቀረበው የእቶኑ ክፍል ሲያር የራቀው ሳይበስል ይቀራል። ሲመንስ በዚህ ችግር ላይ ዓመታት አሳለፈ። በመጨረሻ የደረሰበት መፍትሔ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ነው። ከሰሉን በእቶኑ ውስጥ ማንደዱን ጨርሶ ተወው። በራቀ ስፍራ በተሠራ ሌላ ክፍል ከሰሉን ወደ ጋዝ ለውጦ፣ ንጹሑን ጋዝ ብቻ በቧንቧ ወደ እቶኑ ላከው። የዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1861 ነው።

ጋዝ ማምረቻው ክፍል ውስብስብ መሣሪያ አይደለም። አንደኛው ግድግዳ ተዳፋት ሆኖ የተሠራ የጡብ ክፍል ነው፤ ከሰሉ ከላይ በክዳን በሚዘጋ አፍ በኩል ይጨመርና በተዳፋቱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር የብረት ርብራብ አለ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከታች ያለው ከሰል በሚገባው አየር ሙሉ በሙሉ ይነድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን የማይነድ ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ በወፍራሙ የጋለ ከሰል ውስጥ ወደ ላይ ሲያልፍ ተጨማሪ ካርቦን ይዞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ይነዳል። ከርብራቡ በታች የሚፈስ ውሃ በሙቀቱ እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ በከፊል ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ የቀለጠው አመድ ጓል እየሠራ ርብራቡን እንዳይዘጋውም ይረዳል። የተገኘው ጋዝ በአብዛኛው ከአየር ጋር የገባ ናይትሮጅን ሲሆን ሩብ ያህሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ደካማ ጋዝ ነው ሊባል ይቻላል፤ ሆኖም ከጋሉት ጡቦች ጋር ሲገናኝ ብረት ያቀልጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብንጨምር አንባቢ አይቀየመንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሞተው የሚገኙት በዚሁ ጋዝ ነው።

የሥራው ምስጢር በከሰሉ አደራደር ላይ ነው። የከሰሉ ንጣፍ በአንድ በኩል ሳስቶ በሌላው ከወፈረ አየሩ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ በሳሳው በኩል፣ በተለይም በግድግዳው ጥግ፣ ሾልኮ ያልፍና ከላይ የተሠራውን ጋዝ እዚያው ያቃጥለዋል። እንዲህ ሲሆን ጋዙ ይደክማል፤ የሾለከበትም ስፍራ ከመጠን በላይ ግሎ አመዱን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው አመድ ደግሞ የሌላውን አየር መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ከሰሉ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየጊዜው፣ እኩል ሆኖ መጨመር ነበረበት፤ በክፍሉ ጣሪያ ላይም ሠራተኛው ረጅም ብረት አስገብቶ ንጣፉን የሚያስተካክልባቸውና ጓሉን የሚሰብርባቸው ቀዳዳዎች ተበጁ። መሐንዲሱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ያ ብረት የያዘው ሠራተኛ ቸልተኛ ከሆነ ጋዙ ይበላሻል።

ሌላው ችግር ከቧንቧው ነበር። ጋዙ በጭስ ማውጫው ስበት ብቻ የሚሳብ ከሆነ በጡቡ ስንጥቅ ሁሉ አየር ይገባና በመንገድ ላይ ይቃጠላል። ሲመንስ ለዚህ ያለ ወናፍና ያለ ሞተር መላ አገኘ። ትኩሱ ጋዝ በቀጥታ ወደ ላይ በሚወጣ የጡብ ቧንቧ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በአግድም በተዘረጋ የብረት ቱቦ ውስጥ ሲሄድ በውጭው አየር ይበርዳል፤ የበረደው ጋዝ ስለሚከብድ በሌላ ቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርደው ከሚወጣው ስለሚከብድ የራሱ ክብደት ጋዙን ወደ እቶኑ በዝግታ ይገፋዋል። ስንጥቅ ቢኖርም ጋዝ ጥቂት ይወጣል እንጂ አየር አይገባም። በእቶኑ አፍ ላይም ጋዙና አየሩ በየራሳቸው የጋለ ክፍል አልፈው ይገናኛሉ፤ ነበልባሉን ማስረዘምና ማሳጠር፣ ሙቀቱንም በእቶኑ ወለል ላይ እኩል ማዳረስ የሁለቱን መዝጊያ የሚቆጣጠረው ሰው እጅ ሆነ።

በ1861 በርሚንግሃም አጠገብ የሚገኘው የቻንስ ወንድማማቾች የመስተዋት ፋብሪካ ይህንን እቶን ተከለ። በእቶኑ ውስጥ አመድ ስለሌለ መስተዋቱ አይቆሽሽም፤ ከሰሉም ቀነሰ፤ ከጭስ ማውጫውም ጥቁር ጭስ መውጣቱን አቆመ። ታላቁ የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ይህንን ሥራ ሄዶ ተመለከተና ጁን 20 ቀን 1862 በሎንዶን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ጋዙ እቶን ንግግር አደረገ። ዕድሜው ሰባ ደርሶ፣ የማስታወስ ኃይሉ ደክሞ ነበር፤ በንግግሩ መካከል ማስታወሻውን በእሳት እንደለበለበው ይነገራል። በዚያ ስፍራ ያሰማው የመጨረሻ ሳይንሳዊ ንግግሩም ይኸው ሆነ። በዚያው ዓመት ሲመንስ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ከዚህ ቀደም ሲል በ1859 የእንግሊዝ ዜግነት ተቀብሎ፣ በዚያው ዓመት አን ጎርደን የተባለች ስኮትላንዳዊት አግብቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለት ሴቶች፣ ለንግሥቲቱና ለሚስቱ፣ የታማኝነት ቃል መግባቱን እያነሣ ይቀልድ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ለእኛ ለቀይ ባሕር ጎረቤቶች የሚቀርብ አንድ ነገርም በዚያው ዓመት ደርሷል። ቬርነር ከስዌዝ በሱዋኪን በኩል ወደ ኤደን የተዘረጋውን የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ ሲመረምር ሰንብቶ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት አልማ የተባለ መርከብ በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ ከአለት ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ። ተሳፋሪዎቹ ጥላ በሌለበት ደሴት ላይ በጠራራ ፀሐይ ጥቂት ቀናት ቆይተው በሌላ መርከብ ዳኑ።

መስተዋት ያቀለጠው እቶን አረብ ብረትንም ያቀልጣል የሚለው ሐሳብ ሲመንስን እንቅልፍ ነሣው። ሄንሪ ቤሰመር በ1856 ፈሳሽ ብረት ውስጥ አየር እየነፋ አረብ ብረት የሚሠራበትን ዘዴ አውጥቶ ነበር፤ ዘዴው ፈጣን ቢሆንም ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርስ በሂደቱ መካከል ለመመርመር ጊዜ አይሰጥም። በጋዝ እቶን ግን ብረቱ ለሰዓታት ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ ናሙና እየቀዱ መመርመርና ማስተካከል ይቻላል። በዚህ በኩል ቀድሞ የተሳካለት ፈረንሳዊው ፒየር ኤሚል ማርቲን ነው፤ የሲመንስን እቶን ተክሎ በ1865 ገደማ ፈሳሽ ብረትንና ቁርጥራጭ ብረትን አንድ ላይ አቅልጦ ጥሩ አረብ ብረት አወጣ። ሲመንስ ደግሞ በበርሚንግሃም ባቋቋመው መሞከሪያ ፈሳሽ ብረትን ከብረት ማዕድን ጋር ማቅለጡን ፈተነ። ዘዴው እስከ ዛሬ ሲመንስ ማርቲን እየተባለ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ሲመንስ በ1869 በዌልስ አገር በስዋንሲ አቅራቢያ በላንዶር ትልቅ የአረብ ብረት ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። የብረቱ ጥራት ዝና አተረፈ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1870ዎቹ ሙሉ በሙሉ በአረብ ብረት ያሠራቸው አይሪስና መርኩሪ የተባሉት መርከቦች በዚሁ ብረት ተሠሩ። እርሱ ራሱ ግን በላንዶር ብዙ ገንዘብ ከስሯል። ፈቃድ ገዝተው በእርሱ ዘዴ የሠሩ ሌሎች ባለፋብሪካዎች ሲበለጽጉ የፈጣሪው ፋብሪካ መክሰሩ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን አዲስ ሙከራ በራሱ ገንዘብና በራሱ እቶን ላይ ይሞክር ነበርና።

የእቶንን ሙቀት በዓይን ግምት መመዘን ስላልበቃው፣ የፕላቲኒየም ሽቦ ሲግል የኤሌክትሪክን ፍሰት የበለጠ እንደሚከለክል ተመርኩዞ የሙቀት መለኪያ ሠራ፤ በ1871ም ስለዚሁ በሮያል ሶሳይቲ ንግግር አደረገ። በቴሌግራፍ ሥራም ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ሎንዶንን ከሕንድ ጋር በቴህራን በኩል ያገናኘውን መስመር በ1870 ለአገልግሎት አበቃ፤ በ1874 ደግሞ ፋራዴይ ብሎ የሰየማት መርከብ የአትላንቲክን ገመድ ለመዘርጋት ወጣች።

በጋዝ ረገድ ግን ሐሳቡ ከዘመኑ ይቀድም ነበር። በ1868 የድንጋይ ከሰል ብናኝን ከጉድጓድ ሳያወጡ እዚያው ከመሬት በታች ወደ ጋዝ መለወጥ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ፤ ይህ በተግባር የተሞከረው በሶቪዬት ኅብረት በ1930ዎቹ ሲሆን በኡዝቤኪስታን በአንግሬን የሚገኘው ጣቢያ በ1961 ሥራ ጀምሯል። የሎንዶን ጭስም ያስቆጣው ነበር። በየቤቱ ምድጃ ጥሬ ከሰል የሚያነድ ከተማ ሀብቱንም ሳንባውንም ያቃጥላል ብሎ ያምን ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የጋዝ ኩባንያዎች ከሰል ሲያበስሉ በመካከል የሚወጣውን ደማቅ ጋዝ ለመብራት፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ የሚወጣውን ደብዛዛ ጋዝ ለማገዶ ለይተው በተለያየ ቧንቧ እንዲያድሉ አሳሰበ። ኩባንያዎቹ ሁለተኛ ቧንቧ ለመቅበር ፈቃደኛ አልሆኑም።

በኤፕሪል 1883 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ቀን ከሮያል ኢንስቲትዩሽን ስብሰባ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲመለስ በመንገድ ላይ ወደቀ። ጉዳቱ ቀላል መስሎ ነበር፤ ሆኖም የልብ ሕመም ተከትሎት ኖቬምበር 19 ቀን 1883 በስልሳ ዓመቱ ዐረፈ። ጸሎተ ፍትሐቱ በዌስትሚንስተር አቢ ተደርጎ በኬንሳል ግሪን መካነ መቃብር ተቀበረ። የሙያ ጓደኞቹም በዚያው በአቢው ውስጥ ባለ ቀለም መስተዋት መስኮት አቆሙለት።

በስኮትላንድ ፎርዝ በተባለው የባሕር ሰላጤ ላይ በ1890 የተከፈተው ታላቅ የባቡር ድልድይ ከ50,000 ቶን በላይ በሚሆን የሲመንስ ማርቲን አረብ ብረት ተሠራ። ይህ ዘዴ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ላይ ከተሠራው አረብ ብረት ትልቁን ድርሻ ይዞ ከቆየ በኋላ፣ በ1952 በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ ለተጀመረው በንጹሕ ኦክሲጅን ለሚሠራው አሠራር ቦታውን በየአገሩ ለቅቋል። መስተዋት በሚቀልጥባቸው ፋብሪካዎች ግን የጋሉት ጡቦች ክፍል አሁንም በእቶኑ ግራና ቀኝ አለ፤ መዝጊያውም በየሃያውና በየሠላሳው ደቂቃ ይገለበጣል።